«ጨረሰ» ቢላችሁም ፍላሹን አትንቀሉ



በዚህ እትም ከእኔ የሚጠበቀው ይህ ጽሑፍ እንዳልነበረ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከስሜ ጎን የተጻፈው «የ15 ደቂቃ የሬዲዮ ዝግጅት፤ የጋምቤላ ወደብ ትዝታ» የሚል ነበር። ዝግጅቱ የለም። አልሠራችውም እንዳትሉኝ፣ ሠርቼው ነበር፤ ጠፋ እንጂ። እንዴት እንደጠፋ ለጠየቀኝ ሁሉ «ኮምፒዩተሩ በላብኝ» እያልኩ ሦስት ሳምንት ከረምኩ። አሁን ግን እውነቱን ልናገር። ኮምፒዩተሩ አልበላብኝም። እኔው ከአፉ ነጠቅሁት።

ጋዜጠኝነት የሚማር ሰው ስለ ዲስክና ስለ ትእዛዝ ወረፋ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ድምፅ መቅዳት፣ መቁረጥ፣ መቀጠል ከቻልኩ ከውስጥ ያለው የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው ብዬ ነበር የማስበው። የአያቴ ድምፅ ከጠፋ በኋላ ግን የውስጡን ማወቅ ግድ ሆነብኝ። እነሆ የተማርኩትን ላካፍላችሁ፤ ምናልባት አንዳችሁን ከእኔ ዓይነት ሌሊት ያድን ይሆናል።

የበቅሎዎቹ ስም

አያቴ የጎሬ ሰው ናቸው። አባታቸው ቡና ነጋዴ ነበሩ። አያቴ የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ ከአባታቸው በቅሎዎች ኋላ እየሮጡ ከጎሬ በቡሬ አድርገው ወደ ጋምቤላ ይወርዱ ነበር። ያን ጊዜ ጋምቤላ ወደብ ነበረች። ታሪኩን በክፍል የተማርን እናውቀዋለን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት መርከቦች ነጭ ዓባይን፣ ቀጥሎም ሶባትን ተከትለው እዚህ ድረስ መምጣት ጀመሩ። ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ሱዳን በ1956 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ ጣቢያውም በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

በመጽሐፍ ያለው ይህ ነው። አያቴ የነገሩኝ ግን ሌላ ነው። መርከብ ዝም ብሎ ሁልጊዜ አይመጣም። አኙዋኮች ኦፔኖ የሚሉት ባሮ ሲሞላ፣ ክረምት ላይ፣ ያን ጊዜ ብቻ ነው። በበጋ ወንዙ ይጎድልና መርከብ የሚሸከም ውኃ አይኖርም። ስለዚህ ቡናው በበጋ ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ በጆንያ ሆኖ ክረምቱን ይጠብቃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሁሉም ነጋዴ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ወደብ ላይ ጭቅጭቅ ነው። ማን ቀድሞ ይጫን? ማን ይጠብቅ? ውኃው መጉደል ከጀመረስ ስንት ጆንያ ይጫን?

ከማንጎው ሥር ተቀምጠን አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በስልኬ ቀዳኋቸው። አያቴ ሰማንያን አልፈዋል፤ ከጥቂት ዓረፍተ ነገር በኋላ ማረፍ ይፈልጋሉ። ያን ቀን ግን ምን እንደነካቸው አላውቅም፤ ሳያርፉ አወሩ። የመርከቡን ጩኸት በአፋቸው አስመስለው አሰሙኝ። የአባታቸውን በቅሎዎች ስም አንድ በአንድ ጠሩ፤ ዳማ፣ ቦራ፣ ሌሎቹንም። አባታቸው ቁልቁለቱ ላይ እያንዳንዷን እንዴት እንደሚያባብሏት በዚያው ድምፅ ጠሩልኝ። አክስቴ ቡና እያፈላች ነበር፤ ጀበናውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እሷም ሰምታ አታውቅም ነበር።

ያ ነው የጠፋው።

ሌሊቱ

ሥራው ማስረከቢያው ማግስት ጠዋት በ3 ሰዓት ነው። ማታ ላብ ውስጥ መብራት ጠፍቶ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ቆየን። ሙቀቱን የጋምቤላ ልጅ ያውቀዋል፤ አልነግራችሁም። መብራት ሲመጣ ሁላችንም እንደ ንብ ተነሣን። ከሚሠሩት ኮምፒዩተሮች ውስጥ የእኛ ቡድን አንዱን አገኘ። ለቡድናችን ያለን ፍላሽ አንድ ነው። አንዱ ጓደኛችን ሁለት ጊጋ የሚሆን ቪዲዮውን ወደ ፍላሹ መገልበጥ ጀመረ። እኔም ትዕግሥት አጥቼ የስልኬን ሚሞሪ ካርድ በሪደር ሰክቼ 75 ሜጋባይት የሚሆነውን የአያቴን ድምፅ ወደዚያው ፍላሽ ላክሁት።

መስኮቱ ላይ ያለችው መስመር ሞላች። መቶ ፐርሰንት። የቪዲዮውም ሞላ። በዚያች ቅጽበት ዩፒኤሱ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። «መብራት ሊጠፋ ነው፣ ንቀይው ንቀይው!» አለ ጓደኛዬ። ነቀልኩት። ፍላሹ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትል እንደነበር አሁን ድረስ ይታየኛል። አይቼአታለሁ። ምን ማለት እንደሆነች ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ የባሰውን ሠራሁ። ካርዱን ወደ ስልኬ መልሼ «ፍላሹ ላይ አለ አይደል» ብዬ ቅጂውን አጠፋሁት። ካርዱ ሞልቶ ስለነበርና አንዷ ጓደኛችን በዚያው ስልክ ሌላ ቃለ መጠይቅ መቅዳት ስለነበረባት ነው። በዚያው ሌሊት ዶርም ውስጥ አርባ ደቂቃ ቀዳችበት።

ጠዋት ፍላሹን ስከፍተው የፋይሉ ስም አለ። መጠኑ ዜሮ ነው። የቪዲዮውም መጨረሻ አልነበረም።

የላብ ኃላፊያችን የነገሩኝ

የላብ ኃላፊያችንን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። እያለቀስኩ ሄድኩ። ካርዱን ተቀብለው የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም ሁለት ሰዓት ሞከሩ። አሥራ አንድ ደቂቃ የሚሆን ቁራጭ ተገኘ። የቀረው በጓደኛዬ ቃለ መጠይቅ ተሸፍኗል። ቁራጩን ስናዳምጠው አብዛኛው የእኔ ጥያቄና የጎረቤት ፍየል ድምፅ ነው።

«ጋሼ፣ መቶ ፐርሰንት ብሎኝ ነበር እኮ። ኮምፒዩተሩ ዋሸኝ» አልኳቸው።

«አልዋሸሽም ልጄ። ‘ተቀብያለሁ’ ነው ያለሽ። ‘አድርሻለሁ’ አላለሽም» አሉኝና ቾክ አንሥተው ሰሌዳው ላይ መሳል ጀመሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ጊዜ እየሄድኩ ጠየቅኋቸው፤ የራሴንም አነበብኩ። የገባኝን በእኔ ቋንቋ ልንገራችሁ።

ፋይል ስትገለብጡ ፕሮግራሙ «ይህን ጻፍ» የሚሉ ብዙ ትእዛዞች ይልካል። ትእዛዞቹ በቀጥታ ወደ ፍላሹ አይሄዱም። መጀመሪያ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተቀብሎ ሚሞሪው ላይ ያስቀምጣቸዋል። ሚሞሪ እጅግ ፈጣን ነው፤ ፍላሽ ግን ቀርፋፋ ነው። የእኛ ፍላሽ ሲጽፍ በሰከንድ አምስት ሜጋባይት ቢሆን ነው። ስለዚህ ሲስተሙ ፕሮግራሙን ቆሞ እንዳይጠብቅ ብሎ «እሺ፣ ተቀብያለሁ፣ ወደ ሥራህ ሂድ» ይለዋል። መስመሯ የምትሞላው ያን ጊዜ ነው። ዕቃው ግን ገና መጋዘን ነው ያለው።

መጋዘኑም ልክ አለው። ላባችን ቫይረስ ተፈርቶ ሊኑክስ ነው የተጫነበት። ሊኑክስ በተለመደው አሠራሩ ገና ያልተጻፈው ነገር ነፃ ከሆነው ሚሞሪ 10 ከመቶ ሲደርስ ከጀርባ ሆኖ መጻፍ ይጀምራል፤ 20 ከመቶ ሲደርስ ደግሞ የሚልከውን ፕሮግራም «ቆይ» ይለዋል። ዕቃው ጥቂት ከሆነ ደግሞ ሠላሳ ሰከንድ ያህል እንደቆየ ነው ወደ ዲስኩ የሚላከው። ሚሞሪው አራት ጊጋ በሆነ ኮምፒዩተር ላይ ይህ ማለት መስመሯ ከሞላች በኋላም ብዙ መቶ ሜጋባይት ተራ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አምስት መቶ ሜጋባይት ቢቀር፣ በሰከንድ አምስት እየተጻፈ፣ መቶ ሰከንድ ይፈጃል። እኔ ያልጠበቅሁት ያንን መቶ ሰከንድ ነው። የቪዲዮው ወረፋ ፊት ስለነበረ የአያቴ ድምፅ ከኋላ ቆሞ ነበር።

«ታዲያ ለምን ሁሉንም ባንዴ አይልክለትም?» ብዬ ጠየቅሁ።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ትእዛዝ የሚላከው ተቀባዩ በሚችለው ልክ ነው። እያንዳንዱ የማከማቻ ዕቃ በአንድ ጊዜ ስንት ትእዛዝ በእጁ መያዝ እንደሚችል ከፋብሪካ ሲወጣ የተወሰነ ነው። እኛ በተለምዶ የምንጠቀምበት የዩኤስቢ ፍላሽ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው። አንዱን ጨርሶ «ጨረስኩ» ሳይል ሁለተኛውን አይቀበልም። ሳታ በሚባለው ገመድ የሚገናኘው የኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ደግሞ እስከ 32 ትእዛዝ ይቀበላል። እያንዳንዱ ትእዛዝ እንደ ባንክ ወረፋ ቁጥር ይሰጠዋል። ሠላሳ ሁለቱም ቁጥሮች ከተያዙ 33ኛው ትእዛዝ ውጪ ሆኖ አንድ ቁጥር እስኪመለስ ይጠብቃል። አንዳንድ የሰርቨር ዲስኮች እንዲያውም «ሞልቻለሁ» ብለው ይመልሳሉ፤ ሲስተሙም ይህን ሲሰማ ከዚያ በኋላ የሚልከውን መጠን ይቀንሳል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤንቪኤምኢ የሚባለው አዲሱ አሠራር ደግሞ በወረቀት ላይ ከስልሳ አምስት ሺህ በላይ ወረፋዎችን፣ በእያንዳንዱም ወረፋ እስከ ስልሳ አምስት ሺህ የሚደርሱ ትእዛዞችን ይፈቅዳል። ገበያ ላይ ያሉት ዕቃዎች ያን ያህል ባይደርሱም ለእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ክፍል የራሱን ወረፋ መስጠት ይቻላቸዋል።

የወረፋው ቅደም ተከተልስ? እዚህ ላይ ጋሼ የባጃጅ ምሳሌ ሰጡኝ። አንድ ባጃጅ ሾፌር አራት ሰው ጠራው እንበል። አንደኛው ኒውላንድ፣ ሁለተኛው ባሮ ድልድይ፣ ሦስተኛው ኒውላንድ፣ አራተኛው እንደገና ድልድይ። በጥሪያቸው ቅደም ተከተል ከሄደ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ቤንዚኑን ይጨርሳል። ብልህ ሾፌር የኒውላንዶቹን አንድ ላይ፣ የድልድዮቹን አንድ ላይ ያደርጋቸዋል። ሃርድ ዲስክም እንዲሁ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህንና የሚንቀሳቀስ ክንድ አለው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ ከ8 ሺኛ ሰከንድ ትንሽ ይበልጥበታል። ክንዱ ቦታ ለመቀየር 9 ሺኛ ሰከንድ ያህል፣ ቦታው በሥሩ እስኪያልፍ ለመጠበቅ ደግሞ በአማካይ 4 ሺኛ ሰከንድ ይወስዳል። ስለዚህ ትእዛዞቹ እዚህም እዚያም የተበታተኑ ከሆኑ በሰከንድ ሰባና ሰማንያ ቢፈጽም ነው። ተደርድረው ከመጡለት ግን ያው ዲስክ በሰከንድ መቶ ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ይጽፋል። ለዚህ ነው ትእዛዞችን በቦታቸው የሚደረድረው የጥንቱ ዘዴ የሕንፃ አሳንሰር ስም የተሰጠው፤ ወደ ላይ ሲወጣ በመንገዱ ያለውን ሁሉ ያነሣል፣ ሲወርድም እንዲሁ።

አንድ የገረመኝን ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ፣ የአይቢኤም ራማክ፣ ለሕዝብ የቀረበው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። የጋምቤላ ወደብ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰበት ዓመት ማለት ነው። ሃምሳ ሳህኖች ነበሩት። አንድ ክንድ በሳህኖቹ መካከል ሽቅብ ቁልቁል እያለ ነበር የሚያነበው። የሚይዘው አምስት ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። የአያቴን ድምፅ ለማስቀመጥ ሃያ ያህል እንደዚያ ዓይነት ማሽን ያስፈልግ ነበር።

መደርደር ብቻውን ግን ፍትሕ አይሆንም። ባጃጁ ኒውላንድ፣ ኒውላንድ እያለ ብቻ ከዞረ የድልድዩ ሰው ሲጠብቅ ይመሻል። ለዚህም መላ ተበጅቷል። ሊኑክስ ውስጥ «ዴድላይን» የሚባል ወረፋ አስከባሪ አለ። ስሙ ለእኛ ለጋዜጠኞች እንግዳ አይደለም። እሱ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የጊዜ ገደብ ይሰጣል። ለንባብ ግማሽ ሰከንድ፣ ለጽሕፈት አምስት ሰከንድ። ገደቡ ያለፈበት ትእዛዝ ሲያገኝ ድርድሩን ትቶ ወደ እሱ ይሄዳል። ንባብ የሚቀድመው ከፊቱ የሚጠብቅ ሰው ስላለ ነው፤ ጽሕፈት ግን ሚሞሪ ላይ አርፎ ትንሽ መቆየት ይችላል። እጅግ ፈጣን ለሆኑት አዳዲስ ዲስኮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ድርደራ ሳይደረግ እንደመጣ ይላካል። የሚንቀሳቀስ ክንድ ስለሌላቸው ለመደርደር የሚጠፋው ጊዜ ከሚተርፈው ይበልጣል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው አምስተኛው የሊኑክስ ኬርነል በነጠላ ወረፋ ይሠሩ የነበሩትን የድሮዎቹን ወረፋ አስከባሪዎች አስወግዶ በብዙ ወረፋ የሚሠሩትን ብቻ ያስቀረው ዘመኑ ስለተለወጠ ነው።

ባጭሩ፣ ለሁሉም ዕቃ የሚሆን አንድ ወረፋ የለም። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ተቀባዩ ምን ያህል ይችላል?» የሚለው ነው።

ወደ ማንጎው ሥር ተመለስኩ

በሳምንቱ ወደ አያቴ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። «አባባ፣ የነገሩኝ ሁሉ ጠፋብኝ» አልኳቸው።

«የት ጠፋ?»

«ወደ ሌላ ዕቃ ስልከው ሳይደርስ ነቀልኩት።»

ዝም ብለው ቆዩና «ቆጥሮ የተረከበሽ ሰው ነበር?» አሉኝ።

አልገባኝም። እንዲህ አስረዱኝ። አባታቸው ወደብ ሲደርሱ ጆንያውን ከበቅሎ አውርደው ዞር አይሉም። የመጋዘኑ ጸሐፊ መጥቶ፣ ቆጥሮ፣ በወረቀት ጽፎ፣ ወረቀቱን በእጃቸው እስኪሰጣቸው ድረስ ጆንያው ላይ ተቀምጠው ነው የሚጠብቁት። ዝናብ ቢመጣ እዚያው፣ ቢመሽም እዚያው። «ወረደ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም» ይሉ ነበር አባቴ፣ አሉኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ራሳቸው አያቴ ልጅነታቸው አታሏቸው ሁለት ጆንያ ሳያስቆጥሩ መርከብ ለማየት ሮጡ። ሲመለሱ ጆንያዎቹ የሉም። «ተመታሁ» አሉና ሳቁ።

ጋሼ ሰሌዳ ላይ የሳሉልኝን አያቴ በጆንያ ነገሩኝ። በኮምፒዩተሩም እንዲሁ የሚረከብ ጸሐፊ አለ። «ኢጀክት» የሚለውን ስትጫኑ ሲስተሙ በሚሞሪው ያለውን ሁሉ ወደ ፍላሹ ያራግፋል፤ ከዚያ ነው «አሁን መንቀል ትችላለህ» የሚለው። በሊኑክስ «ሲንክ» የምትባል አንዲት ትእዛዝም አለች። ያልተጻፈው ሁሉ እስኪጻፍ ድረስ አትመለስም፤ ስትመለስ ዕቃው ደርሷል ማለት ነው። እኔ ወረቀቱን ሳልቀበል መርከብ ለማየት የሮጥኩ ልጅ ነበርኩ።

ከዚያ ስልኬን አወጣሁና እንደገና ልቅዳዎት ወይ አልኳቸው። እሺ አሉ። ስለ ወደቡ ነገሩኝ፤ ስለ ባሮ መሙላትና መጉደል ነገሩኝ። ሃያ አምስት ደቂቃ ሲሆን ደከማቸው። «የበቅሎዎቹን ስም ይጥሩልኝ» አልኳቸው። «ያንን ነግሬሽ የለም እንዴ» አሉኝ። ደግሜ ብለምናቸው ዳማንና ቦራን ጠርተው ዝም አሉ። ሌሎቹ አልመጡላቸውም። የሚያባብሉበትን ድምፅ ጠየቅኋቸው፤ እጃቸውን ወዘወዙና «ተይኝ ልጄ» አሉ። አክስቴ ደግሞ የሰማችውን ለማስመሰል ሞከረች፤ አልሆነም።

ሁለተኛው ቅጂ አሁን በሦስት ቦታ አለ። መጠኑ ዜሮ አለመሆኑን ነቅዬ መልሼ ሰክቼ አይቻለሁ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻም አዳምጬዋለሁ። ጥሩ ቅጂ ነው። መጀመሪያ የቀዳሁትን ግን አይተካም።

ስለ ላባችን ትንሽ

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ላብ ስገባ ነገሩ ሁሉ በሌላ ዓይን ይታየኝ ጀመር። የእኛም ላብ እኮ ትእዛዝ የበዛበት፣ ቦታ ያነሰው ዕቃ ነው። ከሚሠሩት ኮምፒዩተሮች ውስጥ አንዱ ብቻ ነው አዲሱ፣ ፈጣን ዲስክ ያለው። የቀሩት አሮጌ ሃርድ ዲስክ ናቸው። አሁን ግን ሁላችንም የምንቀመጠው በመጣንበት ቅደም ተከተል ነው። አንድ ገጽ ዜና የሚጽፍ ተማሪ ፈጣኑ ላይ ተቀምጦ ቪዲዮ የሚቆርጥ ተማሪ አሮጌው ላይ ሲንገላታ ይውላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የተመራቂዎቹ ቪዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ ይይዘውና አሥር ደቂቃ የምትፈልግ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ደጅ ቆማ ታመሻለች። ተመራቂዎቹን አልወቅስም፤ ሥራቸው ከባድ ነው። ወረፋው ነው ያልታሰበበት።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን በአክብሮት ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሥራው ከዕቃው ጋር ይመጣጠን። ቪዲዮ ለፈጣኑ፣ ጽሑፍና ድምፅ ለቀሩት።

ሁለተኛ፣ አጭር ሥራ ላላቸው በየሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ይተውላቸው፤ ማስረከቢያው የደረሰበትም ይቅደም። ማንም ግን እስከ መጨረሻው ሳይደርሰው እንዳይቀር ለሁሉም ገደብ ይኑረው።

ሦስተኛ፣ በአንድ ፍላሽ ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው አይገልብጥ። ፍላሽ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ሁለት ብንልክ ሁለታችንም እንዘገያለን እንጂ ማናችንም አንፈጥንም። የመብራቱን ጉዳይ ማናችንም አንፈታውም። ዩፒኤሱ ሲጮህ ግን መጀመሪያ የሚደረገው መንቀል ሳይሆን «ኢጀክት» መጫን እንደሆነ በግድግዳው ላይ በትልቁ ቢጻፍ መልካም ነው። ዩፒኤሱ የሚጮኸው እኮ ጊዜ ሊሰጠን ነው። ያን ሌሊት መብራቱ ተመልሶ የጠፋው እኔ ከነቀልኩ ከአራት ደቂቃ በኋላ ነበር። የፈለግሁት መቶ ሰከንድ ነበረኝ ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ ለጋሼ ሳሳያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው ያረሙኝ። መጀመሪያ «ኮምፒዩተሩ ጠብቂ ሳይለኝ» ብዬ ጽፌ ነበር። «ብሎሻል እኮ፤ ቀይዋ መብራት ምን ስታደርግ ነበር?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሰረዝኩት።

የ15 ደቂቃው ዝግጅት በሁለተኛው ቅጂ እየተሠራ ነው። አጠር ብሎ በሚቀጥለው ወር ይቀርባል። መጨረሻው ላይ አያቴ ሁለት በቅሎ ጠርተው ዝም የሚሉበትን አልቆረጥኩትም፤ ዝምታውንም እንዳለ ትቼዋለሁ። የቀሩትን በቅሎዎች ስም የሚያስታውስ የጎሬ ሰው ቢኖር ግን አክስቴ ቤት ቡና አለ፤ ስልኬንም ባዶ አድርጌ እመጣለሁ።

ቸር ይግጠመን።